አክስቴ ሩቅያ ባቄላ ያስጣለችበት በጋ

በጥቅምት ፀሐይ የተሰጣ ደንገል ሽታው ልዩ ነው፤ ግማሹ የውሃ ግማሹ የድርቆሽ ይመስላል፤ ያ ሽታ አንዳንድ ቀን ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ዓባይ ማዶ እስካለው ቤቴ ድረስ ይመጣል። ያን ቀን የያዝሁትን ሥራ ትቼ ደጃፌ ላይ እቀመጥና አባቴን፣ እናቴን፣ ከሁሉም ይልቅ የአባቴን እኅት አክስቴን ሩቅያን አስባለሁ። ብዙ ሰው እሷን የሚያውቃት ካረጀች በኋላ፣ በየመንደሩ እየዞረች ሴቶችን ለምርጫ ስትቀሰቅስ ነው። እኔ የማውቃት ግን ከዚያ በፊት፣ ጣሊያን ባሕር ዳር በሰፈረበት ዘመን፣ ጥርሴን የምለውጥ ልጅ ሳለሁ ነው።

ቤታችን ከጣና ዳር ነበር። አባቴ ሲራጅ ታንኳ ሠሪ ስለነበር ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጎድል ደንገሉን አጭዶ በዳርቻው ያሰጣ፣ ሲደርቅም እየጠቀለለ ያስር ነበር፤ እናቴ ዘይነባ ደግሞ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጣ ማሰሪያ ገመዱን ትገምድ ነበር። የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ቶሎ ቶሎ ካልታደሰም ሰው ይዞ ይሰጥማል፤ ስለዚህ በቤታችን ገመድ ሳይገመድ የሚውልበት ቀን አልነበረም።

አክስቴ ከእኛ ጋር መኖር የጀመረችው ጥርሴን በምለውጥበት በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ባሏን ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ወስደውት ቆላ ላይ በንዳድ እንደ ሞተ ተረዳች። ልጅ አልነበራትም፤ የተረፋት ባሏ የተወላት አንድ ታንኳ ብቻ ነው። ለቅሶው ሲያበቃ ጓዟን ተሸክማ መጣችና ታንኳዋን ከአባቴ ታንኳዎች አጠገብ አቁማ፣ አንድ ጎረቤት እየቀዘፈላት፣ የተያዘውን ዓሣ እኩል እየተካፈሉ መኖር ጀመረች። ረጅም ሴት ነበረች፣ ድምፅዋም ጎርናና፤ ዳር ላይ ቆማ ስትስቅ ውሃው መሐል ያሉት ቀዛፊዎች ዞር ብለው ያዩ ነበር።

በጋው ሲገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። አርበኞች በታንኳ ይሻገራሉ የሚል ወሬ የደረሰው የጣሊያኖቹ ሻምበል ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ውሃ ላይ እንዳይወጣ ከለከለ፣ ፈቃድ የሚሰጥ የታንኳ ሹምም ሾመ። የተሾመው እንድሪስ የሚባል፣ የሻምበሉ አስተርጓሚ ዘመድ ነው። እንድሪስ ጠዋት ጠዋት ዳርቻው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሄን ሂድ፣ ያን ተመለስ ይል፣ ማታም ከየታንኳው ደህና ደህናውን ቆሮሶ ዓሣ ለራሱ ይመርጥ ነበር። ይህንንስ ሰዉ ችሎት ነበር። አንድ ቀን ግን አክስቴ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ «አባወራው ይምጣ» አላት።

«አባወራው ሞቷል፤ አንተስ ለቅሶ ደርሰህ የለም?» አለችው።

«እንግዲያስ ታንኳው ባለቤት የለውም።»

በዚህ ዓይነት ባል የሞተባቸውም፣ ባላቸው ጫካ የገባባቸውም ሴቶች ሁሉ ታንኳዎቻቸው ዳር ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ። የጎረቤታችን ልጆች በምሳ ሰዓት ደጃችን ላይ መጥተው ይቆሙ እንደነበር አልረሳም፤ እናቴም እያንዳንዳቸውን በእጃቸው ይዛ ከገበታችን ታስቀምጣቸው ነበር። ገበታው ግን እየሳሳ ሄደ።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር እንደ ተቀመጡ፣ አክስቴ ሄዳ ፊታቸው ቆመች። እኔም ቀሚሷን ይዤ አብሬያት ነበርሁ።

«አባቶቼ፣ እንድሪስን እናንተም አልመረጣችሁት፣ እኛም አልመረጥነው። ሹም መኖሩ ካልቀረ ሁላችን የመረጥነው ይሁን» አለች።

የሁሉም ታላቅ ሼህ ሐሚድ ነበሩ፤ ፂማቸውን እያሻሹ በደግነት፣ «ልጄ፣ ወንዶቹ ይነጋገሩበታል። ላንቺም ወንድምሽ ሲራጅ አለልሽ» አሏት።

«ወንድሜን አላህ ያቆይልኝ። ግን ሼህ፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ ሲራጅ ስለበላ እኔ እጠግባለሁ?»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው እንደማይስቅ ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። አባቴ ከሰዉ መሐል ሆኖ ሰምቷት ኖሮ፣ ቤት ስንደርስ፣ «እታለም፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አላት። ያን ጊዜ እናቴ፣ ከአባቴ ፊት ቀና ብላ የማትናገረው እናቴ፣ የያዘችውን ገመድ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ «እውነቷን ነው። እኔም ከነገ ጀምሮ ገመድ አልገምድም» አለች።

አባቴ ቀልድ መስሎት ነበር። በማግሥቱ ግን የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ጥላው ሥር እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጫወቱ ነበር። ወንዶቹ ራሳቸው ሊገምዱ ሞከሩ፤ የአባቴ ገመድ አንዱ ቦታ ወፍሮ አንዱ ቦታ ቀጥኖ፣ ገና ሲጎትቱት ብትን ሲል እኔና እናቴ ፊታችንን አዙረን ሳቅን። ታንኳዎቹ እየላሉ ከውሃ ወጡ፤ ዓሣው አነሰ፤ በመጨረሻ ለጣሊያኖቹ ሰፈር የሚሄደውም ቀረና ሻምበሉ ራሱ ከአስተርጓሚው ጋር ወደ ዳርቻው መጣ። ሼህ ሐሚድ ተነሥተው ቆሙ፤ ሁላችንም ምን ይሉ ይሆን ብለን ስንጠብቅ፣ «ሕዝቡ በሹሙ አልተስማማም። የሚስማማበትን ይምረጥ፤ ያኔ ዓሣውም ይመጣል» አሉ። ሻምበሉ ትከሻውን ሰበቀ። ዓሣው ይምጣ እንጂ ሹሙ ማንም ቢሆን ለእሱ ግድ አልነበረውም።

ምርጫው የተደረገው ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ በእኛ ግቢ ነው። ለእንድሪስ አንድ እንስራ፣ ለጋሽ ዓሊ ለሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሌላ እንስራ ተቀመጠ፤ መራጩ ሁሉ አንድ አንድ ባቄላ ይዞ ወደሚፈልገው ይጥላል ተባለ። ባለታንኳ የሆኑ ሴቶች እንዲጥሉ ሼህ ሐሚድ ፈቀዱ። አክስቴ ግን በዚህ አልበቃትም፤ «ገመድ የገመደችም ታንኳ ሠርታለች» ብላ ተከራክራ እናቴንና ጓደኞቿንም አስገባች። ቀጥሎም የአባቴን ጋቢ አምጥታ በእንስራዎቹ ፊት ሰቀለችው።

እንድሪስ ተቆጣ። «በግልጥ ይጣል! የሚደበቅ ሌባ ነው።»

«ሰው አንተ እያየኸው የሚጥለው ባቄላ ያንተ ነው፤ ሳታየው የሚጥለው ግን የራሱ ነው» አለችው፤ ጋቢውም እንደ ተሰቀለ ቀረ።

እናቴ ተራዋ ደርሶ ከጋቢው ጀርባ ስትገባ እንደሙሽራ ተሽኮርምማ ነበር፤ ስትወጣ ግን አንገቷ ቀና ብሎ አየሁ። አባቴ ጠጋ ብሎ፣ «ለማን ጣልሽ?» ቢላት፣ «ታዲያ ጋቢህ ለምን ተሰቀለ?» አለችው። አባቴም ጥቂት አሰበና ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። እንስራዎቹ ሰሌን ላይ ሲገለበጡ መቁጠር እንኳ አላስፈለገም። ጋሽ ዓሊ በማግሥቱ ጠዋት የሴቶቹን ታንኳዎች ከሁሉ አስቀድመው ወደ ውሃ አስገቡ።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም፤ ክረምቱ እንደ ገባ ለጣሊያን ያደሩ አስካሪ ወታደሮች መጥተው፣ አርበኛ አሻግረሻል ብለው አክስቴን ወደ ሰፈራቸው ወሰዷት። ማን እንደ ጠቆመ ሁሉም ያውቅ ነበር። አባቴ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፣ እኔም ባሏ እንደ ቀረ እሷም የምትቀር መስሎኝ ምግብ እምቢ አልሁ። ያን ጊዜ ማንም ሳያዛቸው ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳዎቻቸውን ከውሃ አወጡ፤ ሼህ ሐሚድም በዚያ ዝናብ ወደ ጣሊያኖቹ በር ሄደው ተቀመጡና፣ «ልጄን ሳልይዝ አልነሣም» አሉ። ዘበኞቹ ቢገፏቸው ተመልሰው እየተቀመጡ፣ ሰንብተው አስፈቷት። አክስቴ ከስታ፣ ከንፈሯ ደርቆ በጭቃው መንገድ ስትመጣ ከሩቅ ለየኋት። አባቴ አዲስ ታንኳ ሠርቶላት ነበር። ወስዶ አሳያት፤ እሷም ማሰሪያውን በጣቷ ጎትታ ሞከረችውና፣ «ይሄንስ ዘይነባ ናት የገመደችው» አለች።

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ሕዝቡ እንደራሴ ይምረጥ፣ ሴቶችም ይምረጡ ሲባል፣ አክስቴ ነገሩን ለሌላው ሁሉ አዲስ፣ ለራሷ ግን የቆየ ሥራዋ አድርጋ ተነሣች። በታንኳ ከዳር ዳር፣ በበቅሎም እስከ እንፍራንዝ ድረስ እየሄደች፣ በየገበያው ሴቶቹን ሰብስባ መምረጥ ማለት ምን እንደ ሆነ ታስረዳ ነበር። ራሷም ተወዳደረችና ተሸነፈች። እኔ አለቀስሁ፤ እሷ ግን ከምርጫው ቦታ የሚመለሱትን ሴቶች እያሳየችኝ፣ «ምን ያስለቅስሻል? እኔ ባልገባም እነሱ ወጥተዋል» አለችኝ። ቆይቶ ሰፈሩ ለከተማው ምክር ቤት መርጧት፣ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ስለ ቧንቧ ውሃ፣ ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ስትሟገት ኖረች። የቀበርናት ዕድሜ ጠግባ ነው፤ ቀብሯ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበር።

ባለፈው ምርጫ እኔም በከዘራዬ ተደግፌ ሰፈራችን ወዳለው ትምህርት ቤት ሄድሁ። ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ነበር። ከፊቴ የቆመች ወጣት ልጅ ስልኳን እያየች፣ ፀሐዩ በረታ፣ ሰልፉ አልሄደም እያለች ታማርር ነበር። የሩቅያን ታሪክ ልነግራት አፌን ከፈትሁና መልሼ ተውሁት። የእኛ እናቶች ለዚህ ሲሉ ፈርተዋል፣ ተርበዋል፣ ታስረዋል፤ ሊሰለቹበት ግን ዕድሉን አላገኙም። ይህቺ ልጅ ሰልችቷታል፤ ተራዋ እስኪደርስ ግን አልሄደችም።