መበጠስ ያለበት ገመድ

አማቼ ስለዚያ ካራቫን ሚዛን ከተማ ውስጥ በየሻይ ቤቱ የሚያወራውን ሰምቻለሁ። እሱ ሲያወራው እኔ ከፒክአፑ ኋላ ተቀምጬ የማለቅስ ሽማግሌ ነኝ። አላለቀስኩም። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፣ እጄም ለብዕር አይመችም፤ ቢሆንም እሱ ካወራው እኔ የሞነጫጨርኩት ይሻላል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ከዚህ ሰው ጋር አልነጋገርም። ልጄን ሲወስዳት ሽማግሌ አልላከም። ሽማግሌ ያልላከ ሰው አልጠየቀኝም፤ ካልጠየቀኝ ደግሞ የምመልስለት ቃል የለኝም። ከዚያ ወዲህ ወልደዋል ከብደዋል፣ ያው ነው። የምለው ሲኖረኝ ለልጄ እነግራታለሁ፣ እሷ ትነግረዋለች። እሱም እንደዚያው ያደርጋል። አንድ ገበታ ቀርበን ጨው የምንጠያየቀው እንኳን በእሷ በኩል ነበር።

ልጄ ሸኮ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ልትከፍት ፈለገች፤ የሚከራይ ቤት አጣች። መንገድ ሠሪዎቹ ጨርሰው ሲሄዱ ሚዛን ካለው ካምፓቸው አንድ መሐንዲስ ይተኛበት የነበረ ካራቫን ለሽያጭ ወጣ። ባለ ሁለት ጎማ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ሰፊ መስኮት አለው፣ ውስጡም ምድጃ አለው። ከእኔ የደረሳትን የቡና ማሳ ሸጣ ገዛችው። ከዚያ በኋላ የእኔ የምትለው ያ ካራቫን ብቻ ነበር። ማሳውን ሽጪ ያላት ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አውቃለሁ።

ካራቫኑን ሸኮ ድረስ የሚጎትተው የአማቼ ፒክአፕ ነው። መጎተቻ ስላልነበረው አንድ ወዳጁ የሆነ በያጅ ዘንድ ወስዶ ከኋላው ጋንቾ አስበየደበት። የጋንቾው ጫፍ ብርቱካን የሚያህል የብረት ኳስ ነው፤ የካራቫኑ አፍ ያንን ኳስ ይጎርሰዋል። ብየዳውን አየሁና የዶሮ ኩስ ይመስላል አልኳት። ነገረችው።

"ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ብየዳ የበቅሎ ጭነት አይደለም" አለ።

እንዲህ የሚለው እኔ በወጣትነቴ ከአባቴ ጋር ከማጂ ሚዛን በበቅሎ ስነግድ ስለነበር ነው። በሌለሁበት "ሲራራው" እያለ ይጠራኛል። ሚዛን ግን ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቴ ይደርሳል።

የካምፑ ዘበኛ ካራቫኑን ሲያስረክባት ከፊት ለፊቱ የተንጠለጠለ ቀጭን የብረት ገመድ አሳየን። አንዱ ጫፍ ከካራቫኑ የእጅ ፍሬን ጋር ተያይዟል። ሌላው ጫፍ መንጠቆ አለው፣ እሱ ከመኪናው ጋር ይያያዛል። ካራቫኑ መንገድ ላይ ድንገት ቢላቀቅ ገመዱ ተወጥሮ ፍሬኑን ይስብና ይበጠሳል፣ ካራቫኑም ባለበት ይቆማል አለን። ይህን ብሎ ቁርሱን ሊበላ ሄደ። ከመኪናው ምኑ ላይ እንደሚያያዝ ግን አልነገረንም።

አማቼ "ይበጠሳል" የሚለውን ሲሰማ ሳቀ። የሚበጠስ ነገር ምን ይሠራል ብሎ እንደ አውራ ጣት የወፈረ የናይለን ገመድ አመጣና ከቀጭኑ ላይ ደርቦ ከካራቫኑ እስከ ፒክአፑ ይጠመጥም ጀመር።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ በቅሎዎቹን አንዷን ከሌላዋ ኋላ ሲቀጥል ጠፍር አያስነካም ነበር። በቃጫ ነው የሚቀጥላቸው። የማጂ መንገድ ገደል ነው፤ አንዷ ብትንሸራተት ቃጫው ይበጠስና የምትሞተው አንዷ ብቻ ናት። በጠፍር ያሰረ ሰው ሁሉንም ተራ በተራ ገደል ሲገቡ ያያል።

"ናይለኑን ይፍታው በይው" አልኳት። "ካራቫኑ የሄደ እንደሆነ ፒክአፑንም አንቺንም ይዞ ነው የሚሄደው።"

አልፈታም አለ። ጭራሽ ጎንበስ ብሎ የቀጭኑን ገመድ መንጠቆ ከመኪናው ሻንሲ፣ ከሥሩ ካለው የወገብ ብረት፣ ላይ ካለች ቀለበት ሊያስገባ ሆነ። እዚያ አይደለም፣ ኳሱ አንገት ላይ ይጠምጥመው አልኩ። ከዚያ ሁሉ ብረት ወፍራሙ ኳሱ ነበር። እሱ ደግሞ ኳሱ ካራቫኑን ከለቀቀ ገመዱንም አብሮ ይለቃል አለ። እንዲህ እያልን፣ በመካከላችን አንድ ክንድ እንኳን ሳይኖር፣ ልጄ ቃላችንን ስታመላልስ ቆየች። ስድቡን ትተወዋለች፣ ሌላውን ታደርሳለች። ስድቡን ግን ሁለታችንም ሰምተነዋል።

በመጨረሻ ደከማት። "ሁለታችሁም ዞር በሉልኝ" አለች። ከዕቃዋ መሐል የሽንኩርት ቢላዋ አውጥታ ናይለኑን ገዝግዛ ጣለችው። ቀጥላ መንጠቆውን በራሷ እጅ ሻንሲው ላይ ካለችው ቀለበት አስገባች፣ መዘጋቱን ሳብ አድርጋ አየች። ባሏን መሪውን አዙሮ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዲያጥፈው አዘዘችው። በመታጠፊያ ላይ ገመዱ እንዳይወጠር፣ ቀጥ ሲልም መሬት እንዳይጎተት ተቀምጣ ተመለከተች። ከሁለታችንም ግማሽ ግማሹን ወሰደች ማለት ነው። ሁለታችንም አኮረፍን።

እሱ አጠገብ ስለማልቀመጥ ከፒክአፑ ኋላ ወጥቼ ፊቴን ወደ ካራቫኑ አዞርኩ። ዝናብ ጥሎ ነበር። ሸኮ ሳይደርስ ካለው ዳገት ሥር ሙዝና አናናስ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረው ነበር፣ አለፍናቸው። ዳገቱን እያጋመስን ሳለ ጋንቾው እንደ ሰካራም ራስ ቀና ደፋ ሲል አየሁ። የዶሮ ኩሱ ተሰንጥቋል። የፒክአፑን ጣሪያ በጡጫዬ ደበደብኩ።

"ልጄ! ይቁም በይው! ይቁም በይው!"

መስታወቱ ዝግ ስለነበር የሰሙኝ ዘግይተው ነው። ብየዳው ለቀቀ። ኳሱ ከነጋንቾው ከካራቫኑ አፍ ውስጥ እንደተጎረሰ ቀረ፣ ካራቫኑም ወደ ኋላ፣ ወደ ሴቶቹ ተንሸራተተ። ቀጭኑ ገመድ ከሻንሲው እስከ ካራቫኑ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ የእጅ ፍሬኑ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ጎማዎቹ ተይዘው ጭቃውን እያረሱ ጥቂት ወረዱና ቆሙ። ሴቶቹ አናናሳቸውን ጥለው ሸሽተው ነበር። ካራቫኑ መቆሙን ሲያዩ ተመልሰው መጥተው እስኪወጣላቸው ረገሙን።

አማቼ ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ የተናገረው "ሻንሲው ላይ አላልኩሽም?" የሚል ነው። እኔም ናይለኑ ቢኖር ኖሮ ይህን ጊዜ የት ነበርን በይው አልኩ። ኳሱ ላይ ይታሰር ማለቴን ያነሣል፤ ኳሱ እንዲነቀል ያደረገው የማን በያጅ ነው?

"አባትሽ ሰው ሊያልቅ ሲል እንኳን በአማላጅ ነው የሚጮኹት" አለ።

ልጄ አላደረሰችውም። ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ከካራቫኑ ጎማ ሥር ድንጋይ እየወሸቀች ነበር። ስትጨርስ ተነሥታ ሁለታችንንም አየችን።

"ከዛሬ ጀምሮ የማንንም መልእክት አላደርስም" አለች። "ያቺ ገመድ እንኳን የተበጠሰችው አንዴ ነው።"

ካራቫኑን የጭነት መኪና ጎትቶ ሸኮ አደረሰው። እዚያ ሲደርስ ጎማዎቹን አስፈትታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔና እሱ ዳግመኛ እንዳንቀጥለው ነው። ዛሬ ገበያዋ ደኅና ነው። ሾፌሮች እዚያ ይበላሉ፣ እኔም ከሚዛን እየሄድኩ እበላለሁ። እሱ በአንደኛው መስኮት ይቀመጣል፣ እኔ በሌላው። ልጄ ቃሏን ጠብቃለች፣ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔም ወደ እሱ ምንም አታመላልስም። ሽማግሌም እስካሁን አልላከም።

ጨው እሱ ፊት የሆነ ቀን ያለ ጨው እበላለሁ።