ለየኔታ የገባሁት ቃል

ከደብረ ታቦር የወጣሁ ዕለት ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ፣ የድጓ መምህሩ የኔታ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ከጣራ ገዳም በዋዜማው ተነሥተው ዘመድ ቤት አድረው ነው። «የምትጽፊው መጽሐፍ ላይ የክርስትና ስሜን አግቢልኝ፤ ገብረ ሕይወት ብለሽ። ያነበበ ሁሉ በጸሎቱ ያስበኛል» አሉኝ። እሺ አልሁ። እኔን ብሎ ቃል ሰጪ!

የሄድሁት ጀርመን ነው። የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ለጀማሪ ተማሪ የሚያስተዋውቁ ተከታታይ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የሚያሳትም ቤት፣ ስለ እኛ ደጋ አገር አንዱን ቅጽ ጻፊ ብሎ ጠራኝ። የቅጹ እኩሌታ የየኔታ ነው፤ በገዳሙ ብራና ኅዳግ ላይ ማን ለማን ርስት እንደሰጠ የተጻፈውን ሦስት ክረምት ሙሉ እያነበቡ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። በእኛ ዘንድ መጽሐፍ ያጻፈም የረዳም ስሙ ከውስጥ ይገባል፤ ሌላ ዋጋ አይጠይቅም።

የጉናን ብርድ ያየሁ ሰው ምን ይገርመኛል ብዬ ነበር። አከራዬ ግን በረዶ እየጣለ በየማለዳው በሬን አንኳኩታ «ሉፍተን» ትለኛለች፤ ግድግዳው እንዳይሻግት መስኮት ክፈቺ ማለቷ ነው። እኔ ብሻግትስ? ዳቦዋም ኮምጣጣ ነው፤ የእኛን ድፎ ያስመኘኛል።

አርታኢዬ ጨዋ ሰው ነው፤ ያናደደኝም ጨዋነቱ ነው። ገብረ ሕይወት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው አለኝ። ጣራ ገዳም አልሁት። ኮምፒዩተሩን ነካክቶ «ድረ ገጻቸው አይከፈትም» አለ። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው እንባዬ። የክርስትና ስም ነው፣ አገሩም በዚህ ስም አያውቃቸውም ብዬ ባስረዳው ጭራሽ ባሰ፤ ማንም ፈልጎ የማያገኘው ሰው ምንጭ አይሆንም አለ። የምስጋና ገጽስ ብዬ ብጠይቀው፣ የሁሉም ቅጽ አሠራር አንድ ዓይነት ስለሆነ እሱም የለም አለኝ። ልተወው አልሁ፤ ቪዛዬ ግን በዚሁ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስማቸውን አወጣሁና ፈረምሁ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልችልም፤ ዝም ብዬ ባቡር እየቀያየርሁ እዞራለሁ። መጽሐፉ ሲታተም አንዱን ቅጂ ወደ አገር ለሚገባ ሰው ሰጥቼ ላክሁላቸው። የፈረንጅ ፊደል አያነቡም፣ አይደርሱበትም ብዬ ነው። አያሳፍርም?

ትናንት ደወልሁ። ድምፃቸው ደክሟል።

«ስሜ ገባ ልጄ?»

«ገብቷል፣ የኔታ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። የልጅ ልጄ እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ካህናቱን ሰብስቤ አስነብባታለሁ። ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»

መጽሐፉ ሐሙስ እጃቸው ይገባል። ገጽ አርባ ሦስት አልኋቸው።