«ሕመሙ ወሰደው» የተባለላቸው

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሆዜ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው ይህ ነገር የመጣብኝ። የሞተችው የአንድ ወዳጃችን እህት ናት፤ ኮንኮርድ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኞች በሚጦሩበት ቤት ለብዙ ጊዜ ኖራለች። ለቅሶ ቤት እንደ ወጉ «ምን አሟት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያው ጭንቅላቷን ነበር የሚያማት» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ወደ ምስር ወጡ ተመለሰ። ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም።

መኪናዋን የምትነዳው ልጄ ሄለን ነበረች። ሳን ሆዜ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። ወደ ኦክላንድ የሚወስደው ኤይት ኤይቲ የሚባለው አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል። «ዳዲ፣ ጭንቅላቷን አሟት ሞተች ማለት ምን ማለት ነው? ዛት ኢዝ ኖት ኤ ኮዝ ኦፍ ዴዝ፤ ይህ እኮ የሞት ምክንያት አይደለም» አለችኝ።

እኔ ይህን ጥያቄ ከእሷ በፊት ጠይቄው ነበር። ከዚያ ወዲህ ተሰድጃለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ፣ ፓርኪንግ ጠብቄያለሁ፣ አርጅቻለሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ አርጅቶ አልተወኝም። መንገዱም አይንቀሳቀስ፣ ነገርኳት።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በድሬሰርነት፣ ማለት በረዳት ሐኪምነት፣ እንደ ተመረቅኩ የተመደብኩት በአንዲት ብርዳም የደጋ ከተማ፣ ጣሊያን በሠራው የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ነበር። ረጃጅም ኮሪደሮች፣ ሰው የማይደርስባቸው መስኮቶች፣ ከውጭ ብቻ የሚከፈቱ የብረት በሮች ነበሩት። ሲሠሩት ሰው ለማዳን ሳይሆን ሰው ከዓይን ለማራቅ እንደ ነበር ማንም ያየው ይረዳዋል። ጣሊያን ከሄደ ቆይቷል፤ አሠራሩ ግን ከግድግዳው ጋር ቀርቶ ነበር።

ክረምት ነው። ከከተማው የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ ጫማ ይቀማል። ውስጡ እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። ለሕመምተኞቹ ጠዋት የበቆሎ ገንፎ፣ ማታ የበቆሎ ቂጣ ይሰጣቸዋል። ከበቆሎ ሌላ የሚመጣ የለም። ሰዎቹም ይሞታሉ። አንዱን ቀብረን ስንመለስ ሌላው ያጣጥራል። «በምን ሞተ?» ስል መልሱ አንድ ነው፦ «ሕመሙ ወሰደው።»

የወንዶቹን ሬሳ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሳጥብ አንገታቸውን አየሁ። ቆዳው ዙሪያውን ጠቁሮ፣ እንደ ተቃጠለ ቅርፊት ሠርቷል። የእጃቸው ጀርባም እንደዚያው። በመጀመሪያው ሰው ፀሐይ መስሎኝ ነበር። እየደጋገመ ሲመጣ ግን ፈራሁ። ዝናብ በማያባራበት አገር የምን ፀሐይ ነው?

አንድ ቀን ያንኑ አንገት በሕይወት ባለ ሰው ላይ አየሁት። ጋሽ ወርዶፋ ይባላሉ። ከቆላ እርሻ፣ በበቆሎ እየተቀለቡ ከሚውሉበት የቀን ሥራ፣ ብቻቸውን ሲያወሩ ተይዘው የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ማንንም አይነኩም። ጎናቸው የሚተኛውን ተሾመ የሚባል ጎረምሳ ብርድ ልብሱን ሲያለብሱት ነበር የሚውሉት። ተቅማጡ ጀምሯቸዋል፣ ምላሳቸው ቀልቶ ተልጧል።

ለዋናዋ ነርስ ለሲስተር ጽጌ ነገርኳት። ቁጣም ድንጋጤም አላሳየችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እኔም ጠርጥሬ ነበር። ብቻዬን ስሆን ግን ሐሳቤን እንኳ የምጨርስበት ጉልበት አጣሁ» አለችኝ።

በየሳምንቱ የሚመጡት ዶክተር የጋሽ ወርዶፋን ምላስ በባትሪ አይተው አንገታቸውን ዙሪያውን መረመሩ።

«ፔላግራ ነው» አሉ። «በቆሎ ብቻ የበላ ሰው ይይዘዋል። ቆዳውን ይልጠዋል፣ ሆዱን ያጥበዋል፣ ከዚያ አእምሮውን ያዛባዋል።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ የምትቀብረው አንተ አይደለህም?»

የሚያድነውን የቫይታሚን ክኒን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ቃል ገቡ። ክኒኑ እስኪመጣ ወተትና እንቁላል ስጧቸው አሉ። ሲስተር ጽጌ ከቤቷ እንቁላል አመጣች፤ ከጎረቤት ወተት ለመነች። ሌሎቹን አጎረስናቸው። ጋሽ ወርዶፋ ግን አፋቸውን ገጠሙ።

«ፍልሰታ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

የራሳቸውን ስም አንዳንዴ የሚስቱ ሰው ጾሙን አልሳቱም። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ ወተቱ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ተሾመም እሳቸውን አይቶ እምቢ አለ። በማግስቱ ሲስተር ጽጌ በዚያ ጭቃ ቄስ ይዛ መጣች። ቄሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ወርዶፋ። እኔ ፈቅጄልዎታለሁ፣ ይጠጡ» አሏቸው። ጋሽ ወርዶፋ መስቀሉን ተሳልመው ጠጡ። ተሾመ ግን ቄሱ ሲመጡ መዋጥ አቅቶት ነበር። በዚያው ሳምንት እኔው አጠብኩት።

ክኒኑም ዘግይቶ መጣ። መስከረም ላይ የጋሽ ወርዶፋ አንገት ቅርፊቱን ጣለ። ብቻቸውን ማውራታቸውም ቆመ። አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ጥርት ባለ አነጋገር «ልጄ፣ ይህ ቦታ ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ያ ጎኔ የሚተኛው ልጅስ?» አሉ።

«ሞተ፣ ጋሼ።»

«በምን?»

«ሕመሙ ወሰደው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። «በረሃብ» አልኳቸው።

እጃቸውን አገላብጠው አዩት። አዲሱ ቆዳ ገና ሮዝ ነበር።

«እየበላን?» አሉኝ።

ጥቅምት ላይ ወንድማቸው መጥቶ ወሰዳቸው። እብድ ተብለው የገቡበትን በር በእግራቸው ወጡበት። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ይህን ስጨርስ ኦክላንድ ገብተን ነበር። ሄለን ቤቴ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። «እንደዚያ የሞቱት ስንት ይሆኑ፣ ዳዲ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የቆጠራቸው አልነበረም።

ትናንት በምሳ ሰዓቷ ኮል አደረገችልኝ። በምትሠራበት ክፍል ምግብ እምቢ ያለ አንድ ሕመምተኛ ነበር። ሁሉም «ሕመሙ ነው» ብሎ ትቶታል። ባትሪዋን አብርታ አፉን አየችው። «ጥርሱ ነበር፣ ዳዲ። መግል ይዞ ነበር። አሁን ሾርባ እየጠጣ ነው።»

ጎበዝ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ደስ አለኝ፤ ግን ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እብድ የተባለ ሰው ሌላ ነገር የሚያመው አይመስለንም፤ ርቦት፣ በርዶት፣ ጥርሱን አሞት ሊሞት እንደሚችል እንረሳለን። «ሕመሙ ነው» የምንለው ለእሱ አይመስለኝም። እኛ እንድናርፍ ነው። እኔ ግን ይኸው በዚህ ዕድሜዬም አላረፍኩበትም።