ከወንዙ ማዶ ያለችው አክስቴ

ስለ ሁመራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማወራለት ስለ ሙቀቷ ነው። ላስ ቬጋስ ለሚኖር ሰው ይህ ብዙም አይገርምም፤ እዚህም በሐምሌ የመኪና መሪ በባዶ እጅ አይያዝም። ግን እዚህ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱን ይዘጋል። እኛ ደግሞ ቤቱን ሸሽተን ወደ ደጅ ነበር የምንወጣው። የገመድ አልጋችንን ግቢው መሃል ዘርግተን፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ እያወራ እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ። ወደ ምዕራብ ጥቂት ከተሄደ ሱዳን ነው። በሰሜን ተከዜ ይፈሳል፤ ከተከዜ ማዶ ኤርትራ ነው። ኑሮዋ በሰሊጥ ነው። አጨዳ ሲደርስ የቀን ሠራተኛው ከደጋው በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ ሻይ ቤቱና በረንዳው ሁሉ ሰው ይሆናል፤ በወባ የተያዘው በየመጋዘኑ ጥላ ሥር ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። አጨዳው ሲያልቅ ሁሉም ይሄድና ከተማው ጭር ይላል። ወንዙም እንደዚያው ነው። በክረምት ቡናማ ሆኖ ግንድና የሞተ ከብት ይዞ ይወርዳል፣ በበጋ ቀጥኖ አሸዋው ይታያል።

የእናቴ ታናሽ እህት ያገባችው ከተከዜው ድልድይ ማዶ፣ ኦምሐጀር ለሚኖር ነጋዴ ነበር። በልጅነቴ ድንበር ማለት ለእኔ ያ ድልድይ ነበር፣ ድልድዩ ደግሞ ወደ አክስቴ ቤት የሚወስድ መንገድ። ለምሳ እንሻገራለን፣ ሲበርድ እንመለሳለን። ታላቅ ወንድሜና የአክስቴ የበኩር ልጅ እኩዮች ነበሩ። አዞ አለ እየተባሉ ወንዝ ውስጥ ገብተው ይዋኛሉ፤ እናቴና አክስቴ ዳር ላይ ቆመው በአንድ ድምፅ ይራገማሉ።

ከዚያ የሁለቱ አገሮች ጦርነት መጣና ድልድዩ ተዘጋ። ወንድሜ ከእኛ በኩል ዘመተ። የአክስቴም ልጅ ከእነሱ በኩል መዝመቱን ሰማን።

ተኩሱ ጋብ ባለ ጊዜ እናቴ ልብስ አጥባለሁ እያለች ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረች። አንዳንዴ እኔም አብሬያት እሄድ ነበር። በሁለቱም በኩል ወታደር ስላለ መጠጋት አይቻልም፣ ድምፅም አይደርስም። ቢሆንም አክስቴ ትመጣለች። ከሩቅ የምናውቃት በተጠቀለለችበት ቢጫ የሱዳን ቶብ ነው። ትቆማለች፣ እናቴም ትቆማለች። እጅ ማንሳት እንኳ ያስጠረጥራል ብለው ስለሚፈሩ ዝም ብለው ይተያያሉ። ከዚያ እናቴ ንጹሑን ልብስ እንደገና ነክራ ታጥባለች።

የወንድሜ መርዶ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ወንዝ ወረደች። አክስቴ ከማዶ አየቻት። ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። በሌላ ቀን ስንወርድ ቢጫው ቶብ የለም። አክስቴ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

እናቴ ቤት ገብታ ለአባቴ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። “እሷም ጥቁር ለብሳለች” አለችው።

“ለማን?” አላት።

“እንዴት ብዬ ልጠይቃት?”

ብዙም ሳይቆይ ወደ ወንዙ መውረድ ጨርሶ ተከለከለ። አክስቴን ከዚያ በኋላ አላየናትም። ለባሏ ይሁን ለልጇ ሳናውቅ እኔ አደግሁ፣ አባቴም ሞተ።

ዲቪ ደርሶኝ ላስ ቬጋስ መጣሁና ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ሴኩሪቲ ሆኜ ገባሁ። ቆይቶ እናቴን አመጣኋት። ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ባለው አፓርታማችን መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የፓርኪንጉን አስፋልት ስታይ ትውላለች። “ሙቀቱስ የእኛው ነው” ትላለች፤ “ሰው የት ሄደ?”

አክስቴ በሕይወት መኖሯን የሰማነው አምና ነው። ወደ ሱዳን ተሻግራ ዓመታት በስደተኛ ካምፕ ቆይታ፣ ከልጅ ልጇ ጋር አሜሪካ ገብታ፣ በአገሩ ሌላኛው ጫፍ ትኖራለች። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስልኳን አገኘልን። እህትማማቾቹ በየቀኑ ማውራት ጀመሩ፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ደም ግፊታቸው፣ ስለ ልጆች አመል። ስለ ዘመቱት ሁለት ልጆቻቸው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በሚያዝያ አክስቴ ከልጅ ልጇ ጋር ልትጠይቀን መጣች። ኤርፖርት ውስጥ የቁማር ማሽኖቹ እየጮሁ፣ ሁለት አሮጊቶች ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ሰው እየዞረ አያቸው። እኔ “እንኳን ደህና መጡ” ስላት፣ “አንተ! እኔን አንቱ?” ብላ እየሳቀች በጥፊ ልትመታኝ ቃጣች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ ግን ወሬው ቶሎ ነጠፈ። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ያያሉ። አንድ ጠዋት ሺፍት ተቀያይሬ ቤት ነበርኩ። እናቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ ጠየቀቻት።

“ያን ጊዜ ጥቁር የለበስሽው ለማን ነበር?”

አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች። “ለአንቺ ልጅ ነዋ፣ እትዬ” አለች።

“ለእኔ ልጅ?”

“ጥቁር ለብሰሽ ሳይሽ እሱ መሆኑን ሆዴ ነገረኝ። ቤቴ ገብቼ ለበስኩለት። ባሌ ተቆጣ፤ ለጠላት ወታደር አለቀስሽ እንዳይሉን አለ። እኔ ጡቴን ያጠባሁት ልጅ ነው አልኩት።” የጠቀለለችውን ጫፍ ፈትታ፣ “ሳላወልቀው የእኔም ልጅ መርዶ መጣ” አለች።

እናቴ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች። የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማ ነበር። አክስቴ እኔን እያየች፣ “መናገር አልነበረብኝም?” አለችኝ። ተነስቼ ሻይ ጣድኩ።

የሄዱ ዕለት ሸኝተናቸው ስንመለስ፣ መኪናውን ደጃችን ፓርክ አደረግኩት። እናቴ አልወረደችም።

“እኔ እኮ ጥቁር ለብሳ ሳያት፣ እሰይ፣ አንቺም ቅመሺው ብዬ ነበር” አለች። “በሆዴ። ልጄን የገደሉት የእሷ ሰዎች ናቸው እያልኩ። እሷ ለካ ለልጄ ነበር የለበሰችው።”

“ንገሪያት፣ እማዬ።”

“በስልክ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ስትመጣ እነግራታለሁ።”

አክስቴ አልተመለሰችም። በሐምሌው ሙቀት መሃል የልጅ ልጇ ደውላ፣ አያቷ በእንቅልፏ እንዳረፈች ነገረችኝ። እናቴ በአውሮፕላን ለመሄድ ጤናዋ አልፈቀደላትም፤ ለቅሶውን እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጥን። ከየሥራቸው የወጡ ሰዎች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ እየመጡ፣ በወረቀት ኩባያ ሻይ ጠጥተው፣ ሰዓታቸውን አይተው ይሄዱ ነበር።

ሰው ከቀለለ በኋላ እናቴ ለልጅቷ ደውልልኝ አለችኝ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ሰጠኋት። ወንዙን፣ ቶቡን፣ በሆዷ ያለችውን ቃል፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ልጅቷ እዚህ ያደገች ናት፤ አማርኛዋም ከሰላምታ እምብዛም አያልፍም። ሳታቋርጥ ሰማቻት። በመጨረሻ በቀስታ፣ “ኦኬ፣ እማማ። ኢትስ ኦኬ። አታልቅሺ” አለቻት።

እናቴ ስልኩን መለሰችልኝ።

“ገባት?” አለችኝ።

“ገብቷታል” አልኳት።