ወለል ፍለጋ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ንጋት፣ ሰበታ

ጎህ ሳይቀድ ሚኒባሷ ደጃችን ላይ ጡሩንባዋን ነፋች። የእህቴ ልጅ ሄኖክ ተጫዋቾቹን ዱላቸውንና ስኬት የሚሉትን ባለጎማ ጫማ አሸክሞ ቆሟል። እኔን የወሰደኝ ሽማግሌ ሲለመን ሽበት ያለው ሰው ይዞ መሄድ ደግ ነው ብሎ ነው። ሽበት የለኝም ብል ማን ይሰማኛል።

ልጆቹ ሆኪ ነው የሚጫወቱት። ፈረንጆቹ በረዶ ላይ ይጫወቱታል፤ እኛ ጋ በረዶ ሲመጣ ጤፉን ይመታል እንጂ ወለል ሆኖ አይቀመጥም። ስለዚህ በጎማ ሆነ። ሄኖክ ከሰልባጅ ተራ ሁለት ጥንድ ጫማ ገዝቶ ሲጀምር፣ ልጆቹ አንድ አንድ እግር ተካፍለው ነው የተማሩት። ዱላቸው የገና ዱላ፣ ኳሳቸው ከጄሪካን የተቆረጠ ጠፍጣፋ ክብ። የሚለማመዱበት ባዶ መጋዘን ግን ለሌላ ሰው ተከራየና ሲሚንቶ ተከመረበት። ኮብልስቶን ላይ ጎማው አይሄድም። አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ቀርተዋል፤ ዛሬ ሱሉልታ ያለውን የኦቦ ሌሊሳን አዳራሽ ካላገኙ ቡድኑ አለቀለት።

ረፋድ፣ ቡራዩ

ዓለም ገናንና አየር ጤናን አልፈን በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባን። ባጃጅ፣ የሽንኩርት ክምር፣ ጭቃ። ፓስቲ በሻይ በላን፤ ፓስቲው የጆሮ ጌጥ አክሏል፣ ዋጋው ግን አድጓል። እዚህ የተሳፈረችው በረኛዋ ፌቨን ምንም አልቀመሰችም።

"ምነው ልጄ?"

"አክስቴ፣ ኦቦ ሌሊሳ እምቢ ካሉን ወዴት እንሄዳለን?"

ሹፌሩ በመስታወት አያትና፣ "አይዞሽ፣ ሱሉልታ እንግዳ አይመልስም" አላት።

ሄኖክን ከሳቸው ጋር በስልክ ምን ተባባላችሁ አልኩት። "የስኬት ቡድን ነን፣ አዳራሽዎን ለስልጠና እንፈልጋለን አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።"

ቀትር፣ ሱሉልታ

እንጦጦ ላይ ሞተሩ አቃሰተ። ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሜዳው ለጥ ያለ፣ ላሞቹ የጠገቡ ናቸው።

ኦቦ ሌሊሳ ጋቢ ደርበው በር ላይ ጠበቁን። "አካም ጅርቱ፣ ግቡ ግቡ።" ገብቼ ደነገጥኩ። ወንበር በረድፍ ተደርድሯል፣ የሰፈሩ ወላጅ ልጁን ይዞ ተቀምጧል፣ ማይክ ሳይቀር ቆሟል።

"አሰልጣኙ የቱ ነው?" አሉ። "ልጆቻችን ሥራ ጠልተው አስቸገሩን። ስለ ስኬት የሚያስተምር ከሰበታ ይመጣል ብዬ አገሩን ጠራሁ።"

ሄኖክን ላብ አጠመቀው። "ኦቦ... እኛ ስኬት ያልነው ጫማውን ነው።" ጎማውን አሽከርክሮ አሳያቸው።

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ አዳራሹ ተከተለው። ኦቦ ሌሊሳ አልሳቁም። ጎማውን አዩ፣ ወለሉን አዩ። "ይሄ ወለሌን ይፍቀዋል።"

ሄኖክ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ለዚሁ አይደል የመጣሁት፤ "ኦቦ፣ አንቱም ልጅ ሳሉ ገና ተጫውተው የለ? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። መጀመሪያ ይዩዋቸው፣ ከዚያ ያባርሩን" አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "ኤዬ፣ ይሁን። ወንበሩን አንሱ።"

ልጆቹ ተጫወቱ። ፌቨን ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች፤ አንድም ግብ ግን አልገባባትም። ሕዝቡ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮህላት ጀመር። ሲያበቃ ኦቦ ሌሊሳ በርከክ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ጭረት የለም። ማይኩን ያዙ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ የእነሱ ነው። የእኛንም ልጆች ያስተምራሉ።"

ሄኖክ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። ኦቦ ሌሊሳ የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ፤ ሄኖክ ሊቀበል እጁን ቢዘረጋ አለፉትና ፌቨን ፊት ቆሙ።

"በረኛዋ አንቺ አይደለሽ? እንግዲህ በሩን ጠብቂ" ብለው ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩላት።