የገመቹ መፍለጫ ማሽን

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ገመቹ ከባምባሲ ማንጎ በከረጢት ተሸክሞ አሶሳ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ጨብጬው ቆየሁ። ልጄ ሳቀችብኝ።

«እማዬ፣ የጋሼን እጅ ልቀቂው እንጂ! ከረጢቱን የት ያስቀምጠው?»

ለቀቅኩት። ለምን ቶሎ እንደማልለቀው ግን አልነገርኳትም። ነገሩ የቆየ ነው፤ የሚጀምረውም ባምባሲ ከነበረው ዳቦ ቤታችን ጓሮ ነው።

አባታችን ካረፈ በኋላ ቤታችን የቆመው በገመቹ እጅ ነበር። ማለዳ ለእናታችን ምድጃ እንጨት ይፈልጣል፣ ከዚያ ብየዳ ይውላል። ክረምት ሲገባ ግን የሚመጣልን ግንድ እርጥብና ጉጣም ስለሆነ መጥረቢያው ነክሶ ይቀራል። ወንድሜ ደግሞ ብስጩ ነው። መጥረቢያውን ወርውሮ ከተጣለ ትራክተር ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፒስተን ፈትቶ አመጣና በውኃ መሳቢያ ሞተር አስነሳው። ከፒስተኑ ትይዩ ስለታም የብረት ሽብልቅ በየደ። እጀታውን ሲገፉት ፒስተኑ ግንዱን ወደ ሽብልቁ ይነዳዋል፤ ሲለቁት ይቆማል። ግንዱ ጧ ብሎ ሲከፈት የሚወጣው የእርጥብ እንጨት ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ገመቹ የሠራውን ነገር አርፎ መተው አያውቅም። ፍልጡ እግራችን ላይ እንዳይወድቅ ጠረጴዛ ጨመረለት። ግንዱን በአንዴ አራት ቦታ እንዲከፍልም ሽብልቁን ባለ መስቀል ስለት አደረገው። ማሻሻያ ያልደረሰኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱ ግንዱን ሲያስተካክል እጀታውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሊጡ ደግሞ ውስጥ ይጠብቀኛል።

የአረፋ ዋዜማ ጠዋት ነው። እንጨት የሚያቀርብልን የበርታ ተወላጁ ጎረቤታችን አብዱራሂም የበዓል ዳቦ ሊያዝዝ መጥቷል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ደረሰና ተነጫነጭኩ። ገመቹ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጦ እጀታውን እንደተገፋ እንዲይዝለት ወጥሮ አሰረው።

«በቃ፣ ሂጂ ሊጥሽን ቁረጪ። ከዛሬ ጀምሮ እጀታ ያዢ የሚልሽ የለም» አለኝ እየኮራ።

አብዱራሂም ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ገመቹ፣ ይሄ ማሽን ጆሮ የለው። ቁም ብትል አይሰማም። እህትህ ይሻላል።»

ገመቹ ሳቀበት። እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሊጡን እየቆረጥኩ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። ቢላዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ግንዱ ተንሸራቶ የገመቹን ቀኝ እጅ ከሽብልቁ ጋር አጣብቆታል። ፒስተኑ ቀስ እያለ ይገፋል፤ ላስቲኩ አይለቅ! አብዱራሂም ግንዱን አቅፎ ወደ ኋላ ይታገላል። ማሰቤን አላስታውስም፤ ላስቲኩን በጠስኩት። ማሽኑ ቆመ። እጀታውን ወደ ራሴ ስስበው ፒስተኑ ወደ ኋላ ሸሸ።

የወጣው እጅ ተልጦ ደም በደም ሆኗል።

«አንቀሳቅሳቸው!» አልኩት።

ጣቶቹ በየተራ ተንቀሳቀሱ። አብዱራሂም «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ መሬት ላይ ዘፍ አለ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። እንደዚያ ያለ እፎይታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የዚያን ቀን ዳቦ ጎምዝዞ ነበር፤ አብዱራሂም ግን ወሰደው።

ቁስሉ ሲድን ገመቹ የመጨረሻውን ማሻሻያ ሠራ፤ ሁለት እጀታ፣ አራርቆ። ሁለቱም አብረው ካልተያዙ ፒስተኑ አይነቃነቅም። የሚፈልጠው ሰው ሁለት እጁ ሥራ ስላለው ሽብልቁ ዘንድ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ገመቹ ይህንንም እየኮራ ነበር የሚያሳየው።

ቅዳሜ ዕለት ማንጎ ልጦ አበላን። ሊሄድ ሲነሳ እንደገና ጨበጥኩት። ልጄ ናፍቆት ይመስላታል። ናፍቆትም ነው። ግን በመዳፌ ውስጥ እቆጥራቸዋለሁ፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሀል፣ የቀለበት፣ ትንሿ። ሁሉም አሉ። ከዚያ እለቀዋለሁ።