የልጄ ኮምፒውተርና የከሚሴ ሙቀት

ቤታችን ያለው ፍሪጅ ከተገዛ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በሩ ላይ ግን አዲስ ሲመጣ የነበረው ስስ ላስቲክ እስካሁን አለ። እንዳይነሳ ያለችው ሟች ባለቤቴ ናት። ዕቃ ከነላስቲኩ ሲቀመጥ አዲስነቱ ይቆያል ባይ ነበረች፤ ሪሞቱም ፍራሹም እንደዚያው ነው። እሷን ብቻ አላማም፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ሙቀት ደግሞ ላስቲክ ከጥጉ እየለቀቀ ይነሳል። ባለቤቴ በፍሪጁ በኩል ባለፈች ቁጥር በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ትመልሰው ነበር። አላህ ይዘንላትና፣ እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ እመልሰዋለሁ። ለምን እንደማደርገው አስቤበት አላውቅም፤ ጣቴ ራሱ ለምዶታል። ይህን ያስቀደምኩት ኋላ ለምነግራችሁ ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

እኔ ቁርአን ቤት ነው የተማርኩት፤ አስኳላ ሁለት ዓመት ብቻ ገብቼ ወጣሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ወፍጮ ቤት ነው። የጨፋ ሜዳ ገበሬ ማሽላውንና በቆሎውን በአህያ ጭኖ ሲመጣ እኔ በናፍጣ የሚሠራውን ሞተር አስነስቼ ስፈጭ ኖርኩ። ያ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከጎኑ በቆመ የውሃ በርሜል ነበር። በአንዱ ቱቦ የሞቀው ውሃ ወደ በርሜሉ ይሄዳል፣ በሌላው የቀዘቀዘው ይመለሳል። የሙቀት መለኪያ አልነበረንም። መዳፌን በርሜሉ ላይ አሳርፌ ነበር የሞተሩን ጤና የማውቀው።

ልጄ ትዳሯ ሳይሰምርላት ቀርቶ የተመለሰችው እናቷ በታመመች ጊዜ ነው። እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ ከዚያ ከእኔ ጋር ቀረች። አስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት ክፍል ተከራይታ ፎቶ ታነሳለች፣ የሰርግና የኒካህ ቪዲዮ ታቀናብራለች። መንዙማ የተቀዳበት ስልክ ይዞ የሚመጣም አለ፤ ድምፁን አጥርታ ትሰጠዋለች። ሥራው አልጠፋም። የጠፋው ቅዝቃዜ ነው። ረፋድ ካለፈ ያቺ ክፍል ምጣድ ትሆናለች። ኮምፒውተሩ ቪዲዮ እያወጣ ይቆይና ሙቀቱ ሲበዛበት ድርግም ይላል፤ የስንት ሰዓት ሥራ እንደገና ከመጀመሪያው። መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሰቀለች። የኮምፒውተሩን ጎን ከፍታ ቬንቲሌተር ደቀነችበት። ከሱብሂ ሶላት እንደተነሳች ሳይሞቅባት ልትጨርስ ትሮጣለች። አንዲት የሙሽራ እናት ለልጇ ሰርግ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ባዶ እጇን ሄደች፤ ሴትዮዋ ክፉ ቃል አልተናገረችም፣ ልጄን ያስለቀሳትም እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ደሴ ነው የሚኖረው። ስልክ በደወለ ቁጥር፣ አምጪው እዚህ፣ ደሴ ብርዱ ለኮምፒውተር የተፈጠረ አገር ነው፣ እኛ ጋ ፕሮሰሰር ጋቢ ለብሶ ነው የሚሠራው ይላታል። ቀልድ ይምሰል እንጂ ክፍል አግኝቶላት ነበር። እሷም እዚህ መላ ካጣሁለት ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ አለች። እኔ ሂጂም ቅሪም አላልኳት። ሳይከብደኝ ቀርቶ አይደለም። ቤት ውስጥ ከሷ ሌላ ሰው የለኝም። ግን ገና ወጣት ናት፤ ሽማግሌ አባቷን ስትጠብቅ ቀረች እንዲሏት አልፈለግሁም፣ እሷም አንድ ቀን እንዲህ ብላ እንድታስብ አልፈለግሁም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልሞክር አለችና ከአዲስ አበባ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም የተሻለ ማቀዝቀዣ አዘዘች። በአውቶቡስ ነው የተላከው፤ ከሹፌሩ እጅ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን ስንከፍተው ጡብ የሚያህል፣ ስስ አሉሚኒየም ቅጠል በቅጠል የተደረደረበት ነገር ወጣ። በመሀሉ የመዳብ ቱቦዎች ያልፋሉ፣ ፊቱ ላይ ፋን አለው። ሳየው ሳቄ መጣ። ይሄማ ራዲያተር ነው አልኳት። የሞተርህ ዘመድ ነው አለችኝ።

አሮጌው ማቀዝቀዣ ሲነቀል መዳፍ የማይሞላ ትንሽ ነገር ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለት ኮምፒውተሩ የሚያስብበት ክብሪት ቀፎ የምታህል ብረት፣ ላዩ ላይ የደረቀ ቅባት ጋግሮበታል። እሱን በሶፍትና በአልኮል ጠረገችው። ከዚያ አዲሱን ማቀዝቀዣ አንስታ ገልብጣ ታቹን በጥፍሯ መነካካት ጀመረች። በዚህ መሀል አንድ ሰውዬ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ገባ። ማቀዝቀዣውን ያዝልኝ ብላ እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ካሜራዋ ሄደች።

የታችኛው ፊቱ መዳብ ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል። ላዩ ላይ ከሚያይ ዓይን የሚያመልጥ ስስ ላስቲክ አለበት፣ ጥጉ ላይ የተነሳ። ከጥጉ ትንሽ ቀይ ምላስ ወጥቷል፤ የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት። እንግዲህ ይኼኔ ነው ጣቴ ሥራውን የሠራው። የተነሳውን ጫን አደረግሁት፣ አየር እንዳይቀር ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ቀዩ ምላስ ደግሞ አስቀያሚ ሆኖ ታየኝ። ቀድጄ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አዲስ ዕቃ ፊቱ እንዳይጫጫር ነው።

ልጄ ስትመለስ ፕሮሰሰሩ ላይ ፔስት የምትለውን ግራጫ ቅባት ጠብ አደረገች። ያችን ብቻ? እንደ ሞተር ግራሶ አትረፍርፊበት እንጂ አልኳት። የሽምብራ ፍሬ ከምታህል በላይ አይፈለግም አለችኝ፤ በመሀል የሚገባ ነገር ሲወፍር ራሱ ሙቀቱን ያግደዋል። ይህን በጆሮዬ እየሰማሁ ነው እንግዲህ ማቀዝቀዣውን ፊቱን ወደ ታች አድርጌ ያቀበልኳት። ብሎኖቹን ስታጠብቅ አንዱን እስከ መጨረሻው እንዳታጠብቀው፣ ከዚህ ጥግ ትንሽ፣ ከማዶኛው ጥግ ትንሽ እያደረገች እንድትዞር ነገርኳት፤ የሞተር ራስ የሚታሰረው እንደዚያ ነው። ስልኳ ላይ በቪዲዮ አገጣጠሙን የሚያሳየው ሰውዬም እንዲሁ ብሏል ብላ አደነቀችኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ስትከፍተው ግን ነገሩ ባሰ። ሙቀቱ በቁጥር ስክሪኑ ላይ ይታያል። በአሮጌው ማቀዝቀዣ ዘጠና ስምንት ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበት ነበር። በአዲሱ ቪዲዮው ገና ሲጀምር ዘጠና ዘጠኝ ገብቶ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ለሻጩ ስትደውልለት ፕሮሰሰሩ ራሱ ደክሞ ይሆናል አላት። ስልኩን ዘጋችና ባዶውን ካርቶን ወደ ጥግ ገፋችው። ከዚያ በቀስታ፣ በቃ አለች። ማታውኑ ለወንድሟ ደውላ ከነገ ወዲያ መኪና ላክልኝ አለችው።

በተባለው ቀን ጠዋት ዕቃ ላግዛት ሄድኩ። በሩ ላይ «አካም ቡልቴ፣ አባዬ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለችኝ፤ እንደ ወትሮዋ ናት፣ ዓይኗ ብቻ አብጧል። መኪናው ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣል። እሷ የመብራት ገመድ ትጠቀልላለች፣ ካሜራ በጨርቅ ትሸፍናለች። ኮምፒውተሩን ግን የደንበኞቿን ቪዲዮ ወደ ሌላ ዕቃ እንዲገለብጥላት ከፍታው ነበር። ጎኑ እንደተከፈተ ነው። እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደ ድሮዬ መዳፌን አነሳሁና ማቀዝቀዣው ላይ አሳረፍኩ።

ቀዝቃዛ ነው። ስክሪኑ ሰማንያ ስምንት ይላል፣ እጄ ስር ያለው አሉሚኒየም ግን የጠዋት ድንጋይ ነው። ሌላውንም እጄን ጨመርኩበት።

አንድ ዓመት ወፍጮው እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። ሞተሩ ይፈላል፣ በርሜሉ ግን ቀዝቃዛ ነው። ቱቦውን ብፈታው ደለል ደፍኖታል። ሞተር እየፈላ በርሜል ከቀዘቀዘ፣ በርሜሉ አልሰነፈም፤ ሙቀቱ ወደሱ የሚሄድበት መንገድ ተዘግቶበታል። ታዲያ እዚህ ምን ዘጋው? ሶፍቱ፣ ቅባቱ፣ ብሎኑ እያልኩ አንድ በአንድ አሰብኩ። እጄ ኮት ኪሴ ገባ። ያች ቀይ ምላስ እዚያው ነበረች።

ወዲያው አልተናገርኩም። እውነቱን ልጻፍ። ዝም ብል ትሄዳለች። ደሴ ትልቅ ከተማ ነው፣ ወንድሟ አለ፣ ምናልባት ዕድሏም እዚያ ይከፈት ይሆናል። ብናገር ደግሞ ያስቀራት አባቷ ነው ይባላል። ዝም ማለት ለሷ መልካም መሆን መሰለኝ፤ ለጥቂት ጊዜ እንኳ አባትነት መሰለኝ። በኋላ ግን አሰብኩት። የምትሄድበት ምክንያት የእኔ ጣት ከሆነ፣ ሄደች አይባልም፤ እኔ ሰደድኳት እንጂ። ያውም ሳታውቅ።

«ኢንተላ ኮ» አልኳት። ልጄ ማለቴ ነው፤ ነገር ሲከብደኝ በኦሮምኛ ነው የምጠራት። ገመዷን አስቀምጣ ዞር አለች። ቀይዋን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከማቀዝቀዣው ነው። ላስቲኩ ተነስቶ አየሁና መለስኩት። ፎቶ ስታነሺ።»

«እኔኮ የላጥኩት መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጀምሬው ነበር።»

«ጀምረሽው ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት።»

ቁራጯን አገላብጣ አየችና ጽሑፉን አነበበችልኝ፤ ከመግጠምዎ በፊት ያንሱ ነው የሚለው። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው።

«እንደ ፍሪጁ!» አለች።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ ብሎኖቹን ፈታናቸው። ማቀዝቀዣው ሲነሳ ላስቲኩ በሙቀት ተጨማዶ፣ ቅባቱን ከስሩ ይዞ ብቅ አለ። ላጠችው፣ ሁለቱንም ፊት ጠረገች፣ አዲስ የሽምብራ ፍሬ ጠብ አደረገች። አሁን እኔ የተቀመጥኩት እጄን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ ነው። ስትጨርስ ያንን ሦስት ጊዜ ያመለጣትን የሰርግ ቪዲዮ አስጀመረችው። የቀትሩን ዙህር ሰግጄ ስመለስ ይሠራል። ቆርቆሮው በፀሐይ መንጫጫት ጀምሯል፣ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ግን ሰባ አንድ ላይ ቆሟል። ማቀዝቀዣውን ነካሁት፤ ሞቋል። ቅጠሎቹ መሀል የሚወጣው ነፋስም ሞቃት ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ መንገዱ ተከፍቷል።

መኪናው ሊደርስ ሲል ያላልኩትን ልበል ብዬ ተነሳሁ።

«ስሚኝ፣ ማሽኑ ዳነ ብለሽ ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ። ደሴ ይሻለኛል ካልሽ ሂጂ። እኔ ምንም አልሆንም።»

የጠቀለለችውን ገመድ እየፈታች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ መሄድ ብፈልግ ማቀዝቀዣ ምን ያስገዛኝ ነበር?»

ይሄን እኔ አላሰብኩትም። ወር ሙሉ ዝም ብዬ ስብሰለሰል፣ መልሱ በካርቶን ታሽጎ በአውቶቡስ መጥቶ እጄ ላይ ነበር። ለወንድሟ ደወለችለት። እሱም መኪናው ባዶውን ይመለስ እንዴ ብሎ ሲነጫነጭ ይሰማኛል፤ ጋቢህን ላክልን፣ የእኛም ፕሮሰሰር በርዶታል ብላ ዘጋችበት።

የሙሽራዋ እናት በማግስቱ መጥታ ቪዲዮዋን ወሰደች። አሁን ማታ ማታ ልጄ ስትገባ መጀመሪያ የምጠይቃት፣ ዛሬ ስንት ገባ ነው። ስድሳ ስምንት፣ ሰባ ሁለት ትለኛለች፤ የፋኑን አቧራም በሳምንት አንድ ቀን በቀለም ብሩሽ የምጠርገው እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን እቤት ፍሪጁ ፊት ቆማ አየኋት። የላስቲኩን ጥግ በጥፍሯ ይዛለች፣ ወደ እኔ እያየች ትስቃለች።

«ይሄስ አይነሳም?»

«እሱን ተዪው» አልኳት። «እሱ ማንንም አላገደም።»

ጥጉን ለቀቀችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ መለሰችው።